የታደለ መካሪዎች

ስለ ሱስ ክፋት አብጠርጥሮ የሚነግራችሁ ማን ይመስላችኋል? ሐኪም? ተሳስታችኋል። ጉንጩን የወጠረ ቃሚ ነው።

ጓደኛችን ታደለ ጫቱ እንቅልፍ ነስቶት ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ሲለካ ቢያድር ጊዜ፣ ሚስቱ «ወይ ታከም፣ ወይ ቤቱን ልቀቅልኝ» አለችው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለከሰዓት ቀጠሮ ያዘ። እኛ ደግሞ የፒያሳ ልጆች ነን፤ ወዳጃችንን ሳንመክር እንስደደው? ጠዋት እሪ በከንቱ ሰፈር፣ የምንቅምበት ቤት አስቀመጥነው። ያለ ምርቃና ደህና ምክር ከየት ይመጣል? ጫቱ ተገዛ።

ታላቃችን ጋሽ መኩሪያ ምልክቶቹን ይተነትኑ ጀመር። «ሱሰኛ ወሬ ያበዛል» አሉና ይህንኑ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አብራሩልን። «ሲመረቅን ደግሞ የማይሆን ዕቅድ ያወጣል» አሉ። ወዲያው ፒያሳ መሀል ባለ ስምንት ፎቅ የሱሰኞች ማገገሚያ ገነቡ። እኔ ሊፍቱን ገጠምኩ።

በሕንፃው ቀለም ስንጨቃጨቅ ቆይተን ቀና ብንል ታደለ የለም። ጋሽ መኩሪያ ደንግጠው ደወሉለት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ ታደለ፣ «ቀጠሮዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው። ሐኪሙ በር ላይ ተራ እየጠበቅኩ ነው።»

ጋሽ መኩሪያ ስልኩን ዘግተው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«አያችሁ ሱስ ሲጠና? ከሰው ጋር መቀመጥ እንኳ አቃተው!»

ሐዘኑ እንዲቀለን አንድ ዙርባ ጫት አስጨመርን።