ሳይመረቁ ማማ አይወጣም

(ፓሪስ። ከኤፍል ማማ ሥር። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ከጣልያን ከቦሎኛ ከተማ በባቡር ተሰብስበው ከመጡት ወጣቶች ሁለቱ፣ የሕግ ተማሪው ሲልቫኖ እና ጓደኛው ቱሊዮ፣ ከወረፋው ዳር ቆመዋል። ሲልቫኖ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ቱሊዮ ዳቦ ሞርታዴላ በሚባለው የቦሎኛ ቋሊማ እየገመጠ ነው።)

ሲልቫኖ፦ በሊፍት ከሆነ መውጣት አይባልም አልኩህ! አውቶብስ ውስጥ ተቀምጠህ ስትሄድ በእግሬ ሄድኩ ትላለህ?

ቱሊዮ፦ ኧረ አልልም።

ሲልቫኖ፦ አየህ! ይሄም ያው ነው። እኔ እዚያች ሳጥን ውስጥ ገብቼ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። የሚወጣው ሊፍቱ ነው። ጥፋት ካለም ጥፋቱ የሊፍቱ ነው።

ቱሊዮ፦ (እያኘከ) ላም ሊፍት ውስጥ ብናስገባስ?

ሲልቫኖ፦ ላሟ ደግሞ ከየት መጣች?

ቱሊዮ፦ ከእኛ ቤት። አስገባናት እንበል። ሊፍቱ ሄደ። ቆመ። በሩ ተከፈተ። ላሟ የት ናት?

ሲልቫኖ፦ ላይ ናታ!

ቱሊዮ፦ ታዲያ ወጣቻ!

ሲልቫኖ፦ ብትወጣስ? ላም እንደሆነች ዲግሪ የላት፣ ምን ቸገራት!

ቱሊዮ፦ አንተስ አለህ?

ሲልቫኖ፦ (ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ) ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል!

ቱሊዮ፦ ፈረንሳዮች ናቸው። ስላንተ ዲግሪ ምን አገባቸው?

ሲልቫኖ፦ የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ቱሊዮ፦ አምናም እሱ ብቻ ነበር የቀረህ። ካቻምናም።

ሲልቫኖ፦ እያሰብኩበት ነዋ! ጥሩ ሐሳብ ይቸኮላል እንዴ? አንተ ነገሩን እንደ ዋዛ አየኸው። የቦሎኛ ተማሪ ሳይመረቅ ማማ ላይ ከወጣ፣ ዕድሜ ልኩን አይመረቅም። አለቀ። አጎቴን ኤርሚኒዮን ታውቀዋለህ አይደል?

ቱሊዮ፦ ሽበታሙ?

ሲልቫኖ፦ አዎ፣ እሱ። ሁለተኛ ዓመት እያለ ከሚላኖ እንግዳ መጣበት። እንግዳው "የቦሎኛውን የአዚኔሊ ማማ አሳየኝ" አለ። አጎቴ ይሉኝታ ይዞት አብሮት ወጣ። ዛሬም ተማሪ ነው! ልጁ ከኋላው መጥቶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እዚያው አስተማሪ ሆነ። ባለፈው ፈተና ማን የጣለው ይመስልሃል?

ቱሊዮ፦ ልጁ?

ሲልቫኖ፦ የገዛ ልጁ! "አባዬ፣ አዝናለሁ፣ አላነበብክም" አለው።

ቱሊዮ፦ አላነበበም ነበር?

ሲልቫኖ፦ እርግማን ያለበት ሰው ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል?

ቱሊዮ፦ ግን እኮ ያ የኛ ማማ ነው። ይሄ የፈረንሳይ ነው።

ሲልቫኖ፦ (የሚያስተምር ይመስል ጣቱን ቀስሮ) እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ድንበሩን ስንሻገር ማን አስቆመን? ማንም። ፓስፖርት ማን ጠየቀን? ማንም። እርግማኑንስ ማን ያስቆመዋል? እንደኛው በባቡር ተሳፍሮ ዘው ብሎ ገብቷል!

ቱሊዮ፦ (ፈራ ብሎ ወደ ኋላው ዞር ብሎ እያየ) እኔ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ይሆን እንዴ?

ሲልቫኖ፦ ከአንተ ጋር እኮ ቁም ነገር አይወራም።

ቱሊዮ፦ እሺ ከፈራህ አትውጣ። ሣሩ ላይ ቁጭ እንበልና ሞርታዴላ እንብላ። የነሱን የአሳማ ሥጋ ቀመስኩት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጨው የለው ምን የለው።

ሲልቫኖ፦ ሎሬዳናስ?

ቱሊዮ፦ እሷም ትብላ።

ሲልቫኖ፦ አንተ! በባቡሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አልኳት? "ሎሬዳና፣ የማማው መብራት ሲበራ ጫፉ ላይ ጠብቂኝ። ታገቢኝ እንደሆነ እዚያ ላይ ንገሪኝ" አላልኳትም?

ቱሊዮ፦ ብለሃታል። ተኝቼ ነበር፣ በጩኸትህ ቀሰቀስከኝ።

ሲልቫኖ፦ ምን አለችኝ?

ቱሊዮ፦ ሳቀችና "እናያለን" አለች።

ሲልቫኖ፦ በቃ ተስማምታለች! በባቡሩ አብረውን የመጡት የአንኮና ልጆች ወደ ላይ ሲሄዱ አብራቸው ሄዳለች። ይሄኔ እዚያ ላይ ነፋስ ፀጉሯን እየበተነው፣ "የኔ ሲልቫኖ ምን አስቀረው" እያለች ነው። ከዚህ ጉዞ በኋላ ደግሞ ለትምህርት ሊዝበን ልትሄድ ነው፣ ዓመት ሙሉ! ዛሬ ካመለጠችኝ አመለጠችኝ፣ ቱሊዮ። እወዳታለሁ እኮ።

ቱሊዮ፦ (ዳቦውን ወደ ኪሱ እየከተተ) አይዞህ ወንድሜ። ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ወይ ልጅቷ፣ ወይ ዲግሪው።

ሲልቫኖ፦ ይሄ ተረት ሕግ ላልተማረ ነው። የትኛውም ሕግ ቀዳዳ አለው። እኔ ያን ያህል ዓመት የተማርኩት ለምን ሆነና! (ያስባል) አገኘሁ! የኋሊት እወጣለሁ!

ቱሊዮ፦ የኋሊት?

ሲልቫኖ፦ እርግማኑ የሚያየው ፊቴን ነው። ፊቴ ወደ ታች ከሆነ፣ "ይሄ ሰው እየወረደ ነው" ብሎ ይተወኛል። እየኝማ! (የኋሊት ይራመዳል። አይስክሬም ከያዙ አንዲት አሮጊት ጋር ይላተማል።)

ቱሊዮ፦ ተጠንቀቅ ልልህ ነበር።

ሲልቫኖ፦ ጀርባዬ ላይ ምንድን ነው የቀዘቀዘኝ?

ቱሊዮ፦ እንጆሪ ይመስላል። ሴትዮዋ እየተሳደቡ ነው። ልተርጉምልህ?

ሲልቫኖ፦ ተዋቸው! ለካስ መንገዴ ትክክል አልነበረም። ነገሩ ያለው ዓይን ላይ ነው። ስማኝ፦ ምስክር ችሎት ቀርቦ "አላየሁም" ካለ፣ "ነበርክ" ብሎ የሚከራከረው አለ? የለም። ስለዚህ ዓይኔን እሸፍናለሁ። ያላየሁት ቦታ ላይ ነበርኩ ልባል አልችልም።

ቱሊዮ፦ እኔ ስተኛ ምንም አላይም። አልጋዬ ላይ ግን ነኝ።

ሲልቫኖ፦ ለዚህ ነው አንተን ለእርሻ ትምህርት የመደቡህ። (ያንገት ልብሱን ፈትቶ ዓይኑን ጥፍር አድርጎ ያስራል) አሁን የቀረው እግሬ ነው። እግሬ ማማውን መርገጥ የለበትም። ቱሊዮ፣ እዘለኝ!

ቱሊዮ፦ ምን?

ሲልቫኖ፦ በጀርባህ እዘለኝ! የማማው ወለል የማንን እግር ነው የሚያውቀው? ያንተን!

ቱሊዮ፦ እርግማኑ ታዲያ ማን ላይ ያርፋል?

ሲልቫኖ፦ እንዲህ ነው ወይ ጓደኝነት? አሁን አንተ ዲግሪ ምን ይሠራልሃል? ስንዴው አይጠይቅህ፣ ላሟ አትጠይቅህ!

ቱሊዮ፦ እኔስ ለመውጣቱ ምንም ችግር የለብኝ። ያሳሰበኝ ክብደትህ ነው።

ሲልቫኖ፦ ተባረክ! በል ጎንበስ በል። (ይታዘላል) ሂድ!

(ቱሊዮ እያቃሰተ ወደ መግቢያው ያመራል። ሰዎች ቆመው ያያሉ። ዘበኛው ሁለቱን አይቶ ይጠጋል፣ ደንገጥ ብሎ ቆቡን ያወልቃል።)

ሲልቫኖ፦ ለምን ቆምክ?

ቱሊዮ፦ ዘበኛው መጣ።

ሲልቫኖ፦ ምን ይላል?

ቱሊዮ፦ ንግግራቸው ከኛ ብዙም አይርቅም፣ ግማሹን ሰምቻለሁ። "ምስኪን" አለ። ቆቡንም አውልቋል።

ሲልቫኖ፦ ለማን ነው ቆብ የሚያወልቀው?

ቱሊዮ፦ ላንተ። ዓይንህ የማያይ፣ እግርህም የማይሄድ መስሎታል። ወረፋ የለብንም፣ በጎን በኩል ግቡ እያለ ነው። ልንገረው እውነቱን?

ሲልቫኖ፦ (በሹክሹክታ) አፍህን ያዝ! ዝም ብለህ ግባ! ጭንቅላቴን ዘመም ላድርግ?

ቱሊዮ፦ አታድርግ፣ ሕዝቡ ገና ሳታደርግ እያለቀሰ ነው። (ጥቂት ተራምዶ) ሴትዮዋም መጡ።

ሲልቫኖ፦ የትኛዋ?

ቱሊዮ፦ ባለ አይስክሬሟ። ይቅርታ እየጠየቁህ ነው። ሌላ ገዝተውልሃል። ክፈት አፍህን።

ሲልቫኖ፦ (እየላሰ) ደግ ሕዝብ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ያማቸዋል።

(ሊፍት ውስጥ። ሰዎች ጥግ ጥግ ይዘው ቦታ ለቀውላቸዋል።)

ሲልቫኖ፦ ደረስን?

ቱሊዮ፦ ገና ነው። ወገቤ ግን ቀድሞ ደርሷል።

ሲልቫኖ፦ ቱሊዮ፣ እምቢ ብትለኝስ?

ቱሊዮ፦ ከሊፍቱ ወጥተን እናወራለን። አንገቴን እያነቅከኝ ነው።

ሲልቫኖ፦ እሺ ብትለኝስ? ሕዝቡ ፊት ምን እላታለሁ? አንድ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ፣ ቀጥሎ ስለ ወደፊት ዕቅዴ፣ ከዚያ ስለ...

ቱሊዮ፦ ደረስን።

(የማማው ጫፍ። ነፋስ ነው። በዚያው ቅጽበት መብራቱ ቦግ ይላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።)

ሲልቫኖ፦ በራ አይደል? በራ! ድምፁን ሰማሁት! የት ናት? ምን ለብሳለች?

ቱሊዮ፦ የለችም።

ሲልቫኖ፦ በደንብ ፈልግ እንጂ!

ቱሊዮ፦ ዞርኩ እኮ። የአንኮና ልጆች አሉ፣ ፎቶ እየተነሱ ነው። እሷ የለችም።

ሲልቫኖ፦ አውርደኝ! (ዘሎ ይወርዳል። የዓይኑን ማሰሪያ ቦጭቆ ይጥላል) ሎሬዳና! ሎሬዳና! (እየሮጠ ማማውን ይዞራል። ከኋላው ጩኸት ይነሳል። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ይንበረከካል።) እነዚህ ደግሞ ምን ሆኑ?

ቱሊዮ፦ ተአምር ነው እያሉ ነው። ታዝሎ የመጣ ሽባ ሲሮጥ፣ ዕውር ሲያይ ተመለከቱ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ሳቱ። እኒያ ሽማግሌ ደግሞ ጉልበቴን ይዳብስልኝ እያሉ ነው።

ሲልቫኖ፦ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ገደል ገብቻለሁ፣ እሳቸው ጉልበት ያወራሉ! (የሽማግሌውን ጉልበት በችኮላ ዳበስ አድርጎ) በቃ፣ ይሄው! ቱሊዮ፣ ልጅቷ የት ገባች? ከሌላ ሰው ጋር ሄዳ ይሆን?

(የቱሊዮ ስልክ ይጮሃል።)

ቱሊዮ፦ ሃሎ... አቤት ሎሬዳና... አዎ ላይ ነን... አዎ፣ እሱም... እሺ አትዝጊው። (ለሲልቫኖ) ታች ናት። ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እየበላች ነው።

ሲልቫኖ፦ ታች? አሁን ወረደች?

ቱሊዮ፦ መቼ ወጣችና? ዓይንህን ስታስር እኮ በአጠገባችን አለፈች። እጇን አውለበለበችልህ። ቀና ብለህ ዝም ስትላት፣ የኮራህባት መስሏት ሄደች።

ሲልቫኖ፦ ለምን አልወጣችም? መብራቱ ሲበራ ጫፉ ላይ ብያት አልነበር?

ቱሊዮ፦ እንዴት ብላ ትውጣ? ሁለት ፈተና ቀርቷታል እኮ።

(ሲልቫኖ ከማማው ጫፍ ወደ ታች ሣሩን ያያል።)

ሲልቫኖ፦ እሷም... የቦሎኛ ተማሪ ናት ለካ።

ቱሊዮ፦ ከአንተ ጋር አንድ ወንበር ላይ አይደል እንዴ የምትቀመጠው?

ሲልቫኖ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!

ቱሊዮ፦ የምታውቅ መስሎኝ! ልታገባት ነው አላልክም?

ሲልቫኖ፦ (ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ይቀመጣል) ጠፋሁ። ሎሬዳናም ሄደች፣ ዲግሪውም ሄደ። ምናልባት የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ነው፤ አብረን ነው የጠፋነው። አንተም ከእንግዲህ አትመረቅም።

ቱሊዮ፦ እኔማ ሚያዝያ ላይ ተመረቅኩ።

ሲልቫኖ፦ ምን?

ቱሊዮ፦ ተመርቄያለሁ። የቅጠል አክሊሉን ራሴ ላይ የደፋህልኝ አንተ ነህ። እናቴ ፊት ቆመህ ንግግርም አድርገሃል።

ሲልቫኖ፦ ያ ያንተ ምርቃት ነበር? ንግግሩ ስለ ምን ነበር?

ቱሊዮ፦ ስላንተ።

ሲልቫኖ፦ (ድንገት ብድግ ብሎ) ስልኩ አልተዘጋም አይደል? ንገራት! አሁኑኑ ንገራት! "ሲልቫኖ ላንቺ ሲል ዲግሪውን መሥዋዕት አደረገ" በላት! ይህን ሰምታ ልቧ የማይራራ ሴት የለችም!

ቱሊዮ፦ (በስልኩ) ሎሬዳና፣ ላንቺ ስል ዲግሪዬን መሥዋዕት አደረግኩ ይላል... እህ... እህ... እሺ፣ እንዳልሽው እነግረዋለሁ። (ስልኩን ይዘጋል)

ሲልቫኖ፦ አለቀሰች?

ቱሊዮ፦ አላለቀሰችም።

ሲልቫኖ፦ ታዲያ ምን አለች?

ቱሊዮ፦ "የራሱን መሥዋዕት ማድረግ መብቱ ነው። ጫፉ ላይ ጠብቂኝ ሲለኝ ግን የኔን ዲግሪ ማንን አስፈቅዶ ነው መሥዋዕት ያደረገው?" አለች።