ምስጋናው ለሚስተር ዘገየ

ጎበዝ፣ ዛሬ ወረታ ላይ የደረሰብኝን ጉድ ለብቻዬ ይዤ አልቀመጥም!

እንደምታውቁት የጤና ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የሕፃናት ክትባት የምንመዘግብበት ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ ነው። የሚመራው አንድ የውጭ ኩባንያ ቢሆንም ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው አሻሽሎ ይልካል። በነፃ!

ችግሩ ጳጉሜን አያውቅም።

ጳጉሜ ሦስት የተወለደ ልጅ ሲመጣ እምቢ ይላል! ነርሷ ሲስተር ብርቱካን ቸግሯት ነሐሴ ሠላሳ ብላ ትሞላለች። የክትባት ቀጠሮው ይዛባል።

ኮዱን አስተካክዬ ላክሁ። የኩባንያው ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ዓመት አሥራ ሦስት ወር የለውም።»

ብሎ የላክሁትን ሳይቀበል ዘጋው!

በዚህ በሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት ስንት ቀን የለፋሁበትን! ሁለተኛ አልነካውም ብዬ ማልሁ።

ከወራት በኋላ ሌላ የኩባንያው ሠራተኛ ጻፈችልኝ። «ይቅርታ፣ አላወቅንም ነበር። እባክህ አስረዳኝ።»

መሐላዬ እዚያው ቀረ! (እናንተስ ብትሆኑ?) አስረዳኋት፤ እንደገና ጻፍሁ፤ ተቀበሉኝ።

ዛሬ አዲሱ ቨርዥን የረዱትን ሰዎች ስም ይዞ ወጣ። አፌ መቼ ያርፋል? «ኑ፣ ስሜን እዩ!» ብዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰብሁ። ከፈትሁት።

«ሚስተር ዘገየን ከልብ እናመሰግናለን።»

ዘገየ አባቴ ናቸው! ቁሐር ሚካኤል ሩዝ የሚያመርቱት! ፈረንጆቹ የሰው ስም ከኋላ ነው የሚይዙት፤ አስማማው የምባለው እኔ የለሁበትም።

ሲስተር ብርቱካን፣ «እውነትም ዘገየ! ስንት ወር ጠበቅነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣሁና አባቴ ዘንድ ደወልሁ።

«አባየ፣ ስምዎት ፈረንጅ አገር ወጣ።»

«ኧረ በሚካኤል! ምን አጠፋሁ?»

ከሥር ከመሠረቱ ነገርኋቸው።

«የጳጉሜ ልጅ በተወለደበት ቀን ተጻፈ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ አባየ።»

«ታዲያ ያንተስ የኔስ ስም ምን ለየው? ደግ ሠርተሃል፣ ልጄ።»

ሳቁ፣ እፍረቱ፣ ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስሁ!

አሁን ደግሞ የስም አጻጻፉን የሚያስተካክል ኮድ ጀምሬያለሁ። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው!

የገዛ አለቃዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት አምጣ ካለኝ ግን ሳምንት አለፈው፤ እስካሁን አልነካሁትም። «እባክህ» ስላላለኝ ይሆን?