በስልክ የታመመ ሰው የለም

አምቦ ውስጥ በስልክ የታመመ ሰው የለም። ይህን በድፍረት የምናገረው ተወልጄ ያደግሁባትና ትዳር የያዝኩባት ከተማ ስለሆነች ነው። በአካል ሰው ይታመማል፤ አልጋ ይይዛል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ጠያቂው በወረፋ ይገባለታል። ስልክ ሲደወል ግን ወዲያው ይድናል። ካላመናችሁኝ አሁኑኑ በሽተኛ አለበት ወደምትሉት ቤት ደውሉና «እንዴት ነው?» በሉ። «ደህና ነው፣ ምንም አይል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ካላሏችሁ የተሳሳተ ቁጥር ነው የደወላችሁት።

እኛ መቼም ለምደነዋል፣ ፈቺ አያስፈልገንም። «ደህና ነው» ከተባለ ታሟል። «ትንሽ አሞት ነበር» ከተባለ ሆስፒታል ገብቷል። «ደከም ብሏል» ከተባለ የንስሐ አባቱ ተጠርተዋል። «ለማንኛውም ብቅ ብትል ጥሩ ነው» ከተባላችሁ ደግሞ... ጥቁር ልብስ ይዛችሁ ተነሡ። ሩቅ ያለን ሰው በስልክ አናስደነግጥም። ክፉ ወሬ የሚነገረው ፊት ለፊት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ቆሞ ነው። ከአባቶቻችን የወረስነው ደግነት ነው። አንድ ጊዜ የአክስቴን እግር ሊያሳጣን ከመድረሱ በቀር እኔም በዚህ ደግነት ላይ ቅሬታ የለኝም።

አክስቴ አዳዳ ወርቄ ትባላለች። እኛ ዘንድ የአባት እህት በኦሮምኛ አዳዳ ናት፤ አማርኛ ስናወራም አዳዳነቷ አይቀርም። ልጇ ሌንሳ ወደ አሜሪካ ከወሰደቻት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ዜግነቱንም ወስዳለች፤ ዕድሜዋም ሰባን ዘሏል። ለጥየቃ ስትመጣ ከአንገት ማተቧ ጎን አንዲት የፕላስቲክ ካርድ አንጠልጥላ ከመኪና ወረደች።

«አዳዳ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኢንሹራንሴ ነው። እንዳትነካው።»

ለካ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያኑ የሚሰጠው የጤና መድን ባሕር አይሻገርም። እዚያ ሳሉ ጉንፋን ሲይዛቸው የሚያሳክማቸው መንግሥት፣ አውሮፕላን ሲሳፈሩ በር ላይ ተሰናብቷቸው ይቀራል። ስለዚህ ሌንሳ ለእናቷ የመንገደኛ ኢንሹራንስ ገዝታላታለች። አደጋ ቢደርስባት ድርጅቱ አምቡላንስ ይልካል፣ የተሻለ ሆስፒታል ያስገባል፣ የሕክምናውን ወጪም ይችላል። እዚህ አገር የእሷን ሁኔታ ለድርጅቱ የሚያስረዳ አንድ ተጠሪ ያስፈልግ ነበርና እኔ ተመረጥኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ሰው አካል ከእኔ የተሻለ ማን ይናገራል ብዬ ኮራሁ።

ውሉን እየተረጎምኩ ለቤተሰቡ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ምላሴ ተያዘ። መንገደኛው ከሞተ ድርጅቱ አስከሬኑን ወደ አገሩ ይመልሳል ይላል። ባለቤቴ ጽጌ በጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። ያን ዕለት ግን ደረቷን ይዛ ተነሣች።

«ሻንጣዋን ሳትፈታ ሬሳዋን ያስባሉ? በስም አብ!»

«የእኛ እድርስ ምን የተለየ ነገር ያስባል?» አለቻት አዳዳ። «የእናንተ እድር ብታመም ዝም፣ ብሞት ድንኳን። የእኔ መጀመሪያ እንዳልሞት ይሞክራል።»

እድራችን ሲነካ አልወድም። ውሉን አጥፌ አስቀመጥኩት።

በሳምንቱ ወንጪን ልይ አለች። ሐይቁ ዘንድ ለመውረድ በእግር ሂጂ ብንላት «እኔ ፈረስ ስጋልብ አባትህ ገና በበቅሎ ጅራት ይንጠለጠል ነበር» ብላ ፈረስ ላይ ወጣች። ገደሉን ወረደች፣ በጀልባ ተሻገረች፣ ገደሉን ወጣች። እኔ ቀኑን ሙሉ ልጓሙን ይዤ፣ ካርዷ እንዳይወድቅ አንገቷን እያየሁ፣ ስሟን በጸሎት እየጠራሁ ዋልኩ። አምቦ ገብተን ባጃጅ ይዘን ቤቴ በር ላይ ስንደርስ «ተመስገን» አልኩ። አፌን ሳልዘጋ አዳዳ ከባጃጁ ስትወርድ እግሯ ጠጠር ላይ ዞረና ዘጭ አለች። የወንጪ ገደል የማረው እግር የባጃጅ ከፍታ ጣለው።

ጎረቤት ወዲያው ተሰበሰበ፤ ገሚሱ «ወጌሻ ይጠራ» አለ፣ ገሚሱ ፍል ውሃ ውስጥ ትዘፍዘፍ አለ። አዳዳ መሬት ላይ እንደተቀመጠች እጇን እንደ ትራፊክ ዘረጋች።

«ማንም እንዳይነካኝ። ኢንሹራንሴ ሳይፈቅድ አልታሽም።»

ለድርጅቱ ደወለች። እነሱም ሐኪም ይያት፣ ጉዳዩን አጥንተን አምቡላንስ እንልካለን፣ እስከዚያ በራሳችሁ ወደ ሌላ ከተማ ይዛችኋት አትሂዱ፣ ተጠሪው ስልኩን እንዳያጠፋ አሉ። እዚሁ አምቦ ሆስፒታል ወሰድናት። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ መስኮት አንሥቶ አየና ቁርጭምጭሚቷ መሰበሩን፣ አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት፣ ከዘገየ አጥንቱ ተጣሞ እንደሚቀር ነገረን። እግሯን በድጋፍ አሰረላትና ቤት መለስናት። የራጁንና የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ለድርጅቱ ላክሁ። ላክሁ ስል... ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። ያቺ ክብ ምልክት ስክሪኑ ላይ መዞር ጀመረች፤ እስካሁንም ሳትዞር አትቀርም።

ጎረቤቱ ሲወጣ አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ እኔ የምኖረው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን መውጣት ካልቻልኩ ሌንሳ ያን የአሮጌዎች ቤት ታስገባኛለች። አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ምግቡም አይከፋም። ግን ሰው በር አንኳኩቶ አይገባም። እዚያ አልገባም። ይቺን እግር አድኑልኝ።»

አድንልሻለሁ አልኳት። እንዴት አድርጌ እንዳዳንኩላት አሁን ስሙኝ።

ስልኩ ሲጠራ አዳዳ በማስታገሻው እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ከጠያቂዎች መካከል ተቀምጫለሁ። ከድርጅቱ ነው፤ አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ «አስተርጓሚ ነኝ» አለችኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ከሩቅ አገር የመጣ የአማርኛ ድምፅ፣ ዙሪያዬን የተቀመጡ ሽማግሌዎች...

«ታማሚዋ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሕመሙ ከባድ ነው?»

«ኧረ ምንም አይል። ትንሽ ወለም ብሏት ነው።»

«የሚያክማቸው ሐኪም ማን ነው?»

«ሐኪሙ እሱ የላይኛው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እንዲህ ነው እንጂ የሰው ልጅ፣ ሰው የማያስደነግጥ። ምላሴ ይህን ሁሉ ሲያወጣ ባዮሎጂው የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም።

በማግሥቱ ክፍል ስለነበረኝ ስልኩን ለጽጌ ትቼላት ወጣሁ። እሷ ነርስ ናት፣ የሕክምና ቃል ታውቃለች ብዬ። ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ደውለው ነበር። አስረዳኋቸው።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን እላቸዋለሁ? ክፉ ወሬው ልጇ ጆሮ እንዳይደርስ ብዬ... ደህና ናት፣ ዛሬማ ምሳም በላች አልኳቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሌንሳ ከአሜሪካ እየሳቀች ደወለች። ድርጅቱ እናትሽ ድናለች፣ አምቡላንስ አያስፈልጋትም ብሎ ነግሯታል። «እውነት ነው? ተሻላት?» አለችኝ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ልጅቷ ግን ብቻዋን ሥራ ቦታ ላይ ናት፣ ግራና ቀኝ የሚደግፋት ሰው የለም...

«ደህና ናት» አልኩ።

አዳዳ በየሰዓቱ «አምቡላንሱ የት ደረሰ?» ትላለች። እኔ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ውሸት ወንድሙን ሳይጠራ አይመጣም። እግሯ እያበጠ፣ ጣቶቿ እየጠቆሩ ሲሄዱ ግን ለራሷ መልስ ፈለገችና ስልኬን ነጥቃ ደወለች። ከአስተርጓሚዋ ጋር ጥቂት እንደተነጋገረች ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ።

«ታማሚዋ ደህና ናት፣ በቤተሰብ ተረጋግጧል ይሉኛል። ታማሚዋ እኔ ነኝ እላለሁ፤ ተጠሪው ራሱ ቃሉን ያርም ይላሉ።» ስልኩን ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ወደ አፌ አስጠጋችው። «በል፣ ዱጋውን ንገራቸው። እውነቱን።»

ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ሁሉም እኔን ያያል። ታማሚዋ ፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ እግሯ ሊበላሽ ነው ብሎ መናገር ሟርት ነው፤ በእኛ ቤት እንዲህ ብሎ የሚያውቅ የለም።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። «አክስቴ... ያው... ደህና ሆና ሳለ... ትንሽ...»

«ደህና ናቸው ነው የሚሉኝ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«አዎ፣ ማለቴ... እግዚአብሔር ያውቃል።»

አዳዳ ትራሷን ወረወረችብኝ። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብላ ስትቃኝ ዓይኗ ጥግ ላይ የተቀመጡት ኦቦ ቶላ ላይ አረፈ። ኦቦ ቶላ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ማለዳ በየሰፈሩ እየዞሩ ማን እንዳረፈ የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው። በከተማችን ክፉ ወሬ እንዲናገር በሕዝብ የተወከለ አንድ ሰው ቢኖር ኦቦ ቶላ ብቻ ናቸው።

«ቶላ፣ አንተ ንገርልኝ።»

«ወርቄ ኮ፣ ወርቄ የኔ፣ እኔ ለሞተ እንጂ ለታመመ ለፍፌ አላውቅም።»

«ዛሬ ጀምር።»

ኦቦ ቶላ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልክ ላይ ነዎት፣ ቀስ ብለው ይናገሩ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ያ ሰፈር የሚቀሰቅሰው ድምፅ በተከፈተው መስኮት ወጣ።

«የእድራችን አባላት የሆናችሁ በሙሉ! የኦቦ ጉደታ ልጅ ወይዘሮ ወርቄ...»

እዚህ ላይ እንደ ልማዳቸው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሙ።

ያቺን ትንፋሽ መቼም አልረሳትም። ውጭ ያለው ሰፈር የቀረውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ስለሚያውቀው አልጠበቀም። ከግራ ጎረቤት «ወይኔ ወርቄ» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ከቀኝ ተቀበሉት። ኦቦ ቶላ ከትንፋሻቸው ሲመለሱ «ከባጃጅ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፣ ኦፕራሲዮን ካልተደረጉ ቆመው አይሄዱም» ብለው ነገሩን አሳምረው ጨረሱት፤ የሰማቸው ግን የለም። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ደርሰዋል። ከመንገድ ማዶ አንዱ ድንኳኑን ለማውጣት ሮጧል።

«ይቅርታ ጌታዬ፣» አለች አስተርጓሚዋ፣ «ይሄ ለቅሶ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም፣» አልኩ፣ «ጎረቤቶች ናቸው። ደህና ናቸው።»

አስተርጓሚዋ የሥራ ድምፅዋን ተወችና እንደ አገር ልጅ አናገረችኝ።

«ወንድሜ፣ እኔም እዚያው አድጌያለሁ። ከመጀመሪያው ደህና ናት ሲሉኝ ሆዴ ፈርቶ ነበር፤ ግን የተባልኩትን ነው የምተረጉመው። እባክህን እውነቱን ንገረኝ። አለቆቼ አምቡላንስ ነው የምንልከው ወይስ አስከሬን የሚመልሰውን ክፍል ነው የምናናግረው እያሉ ነው።»

አዳዳ ስልኩን ነጠቀችኝ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በእንግሊዝኛም እንዳልሞተች ነገረቻቸው። አለመሞቷን ለማረጋገጥም ስለ እኔ ጥቂት ቃላት ጨመረች፤ እነዚያን አልጽፋቸውም።

አምቡላንሱ በማግሥቱ ጠዋት በራችን ላይ ቆመ። እንደ ሰማሁት ከሆነ ያን ያህል ያፈጠነው ለቅሶው ነው፤ ድርጅቱ እንዲህ የሚለቀስለት ደህና ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመውም። የመጡት ለቀስተኞችም በከንቱ አልተመለሱም፤ ነጠላቸውን ገልብጠው መልሰው ለብሰው «እንኳን ተረፍሽ» ብለው ሸኟት። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ስትከርም በክራንች፣ ቀጥሎ በከዘራ ቆማ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ኤርፖርት ስሸኛት የተጠሪነቱን ሥልጣን ከእኔ ላይ መግፈፏንም ነገረችኝ። አልተከራከርኩም።

ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ። «አዳዳ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ።»

ደነገጥኩ። «የአምቦው ደህና ነው የአሜሪካው?»

«ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሜ ነው የማወራህ» አለች። ስታለከልክ ይሰማኛል፣ እየሳቀች። «ሌንሳ ከታች ሆና እያየችኝ ነው። ያን የአሮጌዎች ቤት ሁለተኛ አታነሣብኝም።»

ዕንባዬ መጣ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። የማወራት አልጋ ላይ ሆኜ ነበር። ታይፎይድ ይዞኝ፣ ጽጌ ግሉኮስ ሰቅላልኝ፣ ጠያቂው እነ ኦቦ ቶላን ጨምሮ ቤቱን ሞልቶት።

«እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አለችኝ።

«ደህና ነን አዳዳ። ምንም አንልም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከኋላዬ የጠያቂው ጫጫታ ሳይሰማት አልቀረም።

«ስልኩን ለቶላ ስጠው» አለችኝ።