በርኖሴ ያሸነፈበት ፋሲካ

ዘናጭ ሰው ብርድ አይሰማውም ሲባል ታምናላችሁ? የሰፈራችን ጎረምሳ ታደሰ ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ እግሩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ጠባብ ቴርጋል ሱሪ ለብሶ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጠ በርኖሴን ገላመጠው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል!» አለኝ።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ቆመ። ገና በመጀመሪያው ስግደት፣ ግንባሩ መሬት ሳይነካ፣ ሱሪው ከኋላው ጧ ብሎ ተተረተረ። ቄሱ እንኳ ዜማው ጠፋባቸው። ምን ላድርግ? በርኖሴን አውልቄ ደረብኩለት።

የፋሲካ ማግስት በርኖሴን ልቀበለው ብሄድ፣ እሱኑ ደርቦ አደባባይ ላይ ሲንጎራደድ አገኘሁት። ጎረምሶቹ ሁሉ የየአባታቸውን በርኖስ ደርበው ይከተሉታል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለኝ፤ «አሁን እኮ ፋሽን ነው!»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያሸነፍኩት ግን እኔ ነኝ።