የኩፍር ሰናን የፋጉሎ ኮሚቴ በብርድ ቀን የተቀመጠው ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ የኩፍር ሰናን የወይራ ዘይት መጭመቂያ ማኅበር አዳራሽ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 3፡50 (የአዳራሹ ቁልፍ አቡ ሐቲም ኪስ ውስጥ፣ አቡ ሐቲም ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ስለነበሩ)

የተገኙ፦
ሐጅ ሚዝዓል፣ ሰብሳቢ
አቡ ሐቲም፣ የመጭመቂያው ማሽን ኃላፊ
ኡስታዝ ራጊብ፣ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር፣ የኮሚቴው የሳይንስ ክፍል (ብቻቸውን)
ኡም ሻሂር፣ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ የሴቶች ተወካይ
ፈውዚ፣ ጸሐፊ፤ ባልተገኘበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የተመረጠ

ያልተገኙ፦ አራት አባላት። ሦስቱ ብርዱን፣ አንዱ ሰብሳቢውን ምክንያት አድርገዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኙ አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው። ጸሐፊው ድምፅ ስለሌለው የተገኙት አራት ብቻ ሆኑ። ሰብሳቢው፣ ፈውዚ ለቆጠራ ያህል እንደ ሰው ይያዝ ብለው አስቆጠሩት። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጸሐፊው ወደ ቀድሞ ደረጃው ተመልሷል።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ዛሬ በ6 ሰዓት ኢንጂነር ቡርሃን የሚባሉ እንግዳ ከአማን ይመጣሉ። ከመጭመቂያው ጀርባ የተከመረውን ጅፍት፣ ማለትም ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረውን የወይራ ፋጉሎ፣ ወደ ማገዶና ወደ ልዩ ልዩ ምርት የሚለውጥ ማሽን ለአንድ መንደር በነፃ ይሰጣሉ። ማሽኑን የምናገኘው ኢንጂነሩ ናሙናችንን አይተው ከወደዱት ነው።

ኡስታዝ ራጊብ ለናሙናው ሦስት ሳምንት ሙሉ በባለቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ሲደክሙ ከርመዋል። ከፋጉሎ ተጠቅጥቀው የተሠሩ አሥራ ሰባት የማገዶ ጡቦች፣ «ጋር» የሚባለው መዓዛማ ቅጠል ሽታ ያላቸው አራት ሳሙናዎችና አንድ ክብ የዶሮ መኖ በካርቶን አድርገው አቅርበዋል። ካርቶኑን መንገድ ላይ ዝናብ ስላገኘው፣ እንዲደርቅ ከብረት ምድጃው በስተቀኝ አስቀምጠውታል። መነጽራቸውን እንፋሎት እንዳይጋርደው ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ተቀምጠዋል።

በኩፍር ሰናን ቤት ሁሉ ማገዶ የሚቀመጠው ከምድጃው በስተቀኝ ነው። እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ብርዱ እስክሪብቶ ስላደረቀ ሰብሳቢው ምድጃው እንዲቀጣጠል አዘዙ። ኡም ሻሂር ለምድጃው ቅርብ ስለነበሩ «ሐጂ፣ ማገዶው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «በቀኝሽ ያለው ነዋ! ሠላሳ ዓመት ዳቦ ጋግረሽ ማገዶ እኔን ትጠይቂኛለሽ?» ሲሉ መለሱ። ኡም ሻሂር ወደ ቀኛቸው አይተው እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው የሴቶች ክፍል አስተያየት በአጀንዳ አምስት፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንደሚሰማ አስታወሱ። ምድጃው ተቀጣጠለ።

አጀንዳ አንድ፦ የፕሮጀክቱ ስም

ኡስታዝ ራጊብ «የወይራ ተረፈ ምርትን ወደ ኃይል የመለወጥ ፕሮጀክት» የሚል ስም አቀረቡ። አቡ ሐቲም ተቃወሙ። ከእርሳቸው ማሽን ተረፈ ምርት የሚባል ነገር እንደማይወጣ፣ ይህ ቃል አባታቸው የተከሉትን መጭመቂያ ስም የሚያጠፋ እንደሆነ ገለጹ። ኡስታዝ «ታዲያ ያ ጓሮ የተከመረው ምንድን ነው? አክስትህ ናት?» ብለው ጠየቁ። አቡ ሐቲም አክስታቸው በጉባኤው እንዳይጠሩ አሳሰቡ። የአቡ ሐቲም አክስት የኡስታዝ ራጊብ ባለቤት መሆናቸውን ጸሐፊው ለመዝገቡ ሲል ይጨምራል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፕሮጀክቱ «የከበረው ጅፍት ፕሮጀክት» እንዲባል ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ዘንቢል

ሰብሳቢው እንዳሉት፣ ኢንጂነሩ ክምሩን ትልቅ ሆኖ ሊያዩት ይገባል። ከጥንት ጀምሮ ግን ማንም የፈለገ በዘንቢል እየዘገነ ይወስዳል፤ የሚመዝን የለ፣ የሚከለክል የለ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ዘንቢል ጅፍት እንኳ ከግቢው እንዳይወጣ ሐሳብ አቀረቡ።

ኡም ሻሂር ፈቃድ ሳይጠይቁ ተናገሩ። በሰብሳቢው ትእዛዝ ቃል በቃል ተመዝግቧል፤ ትእዛዙ የተሰጠው እንዲያፍሩ ነበር። «ነገ በምን ልጋግር ሐጂ? ጣቡኔ የሚነደው በጅፍት ነው። አርባ ሦስት ቤት ዳቦ የሚወስደው ከኔ ነው። የሞተው ባሌ የተወልኝ ያንን የሸክላ ምድጃና አንድ ዘንቢል ነው። በእርስዎ ንግግር ልጋግር?»

ሰብሳቢው በንግግራቸው መጋገር እንደማይቻል አምነው፣ ጉዳዩ ግን የዕድገት ጉዳይ ነው አሉ። አቡ ሐቲም፣ ኡም ሻሂር ማሽኑ ከመጣ በኋላ የፋብሪካ ማገዶ በግዢ ማግኘት ይችላሉ ሲሉ አጽናኑ። ኡም ሻሂር «አላህ ያጽናናህ» ብለው መለሱ፤ እንደ ምርቃት ይሁን እንደ ሌላ ነገር አልተለየም። ከዚያም ወደ ካርቶኑ እየጠቆሙ እንደገና እጃቸውን አወጡ። አጀንዳ አምስት እንደሆነ ተነገራቸው።

በዚህ መካከል ብርዱ ስለተመለሰ ምድጃው በሰብሳቢው ትእዛዝ ለሁለተኛ ጊዜ ተጨመረበት። ወዲያው ደስ የሚል የጋር ቅጠል ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሰብሳቢው ለእንግዳው ክብር ሽቶ ተቀብተው ስለመጡ ኡስታዝን አመሰገኑ። ኡስታዝ ምንም እንዳልተቀቡ ገለጹ። አቡ ሐቲም «እኛም ገርሞን ነበር» አሉ።

ዘንቢል እንዲታገድ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ኡም ሻሂር ተቃውመዋል። ጸሐፊውም ሊቃወም አስቦ ድምፅ እንደሌለው ትዝ አለው።

የዕረፍት ጊዜ

ኡም ሻሂር ሌሊት የጋገሩት ዳቦ ከዘይትና ዛዕተር ከሚባለው ቅመም ጋር ቀረበ። ዘንቢሉን ያገዱት አባላት ከሁሉ የበለጠ በሉ። ጸሐፊው በዚህ ተናዷል፤ ስሜቱ በቃለ ጉባኤ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ያውቃል፣ ግን ተናዷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ከፋጉሎው ምን ይመረት?

ኡስታዝ ስለ ዶሮ መኖው ሪፖርት አቀረቡ። በቤታቸው ባደረጉት ሙከራ ከአምስት ዶሮዎች አራቱ ወደውታል። አምስተኛዋ በዚያው ዕለት ከቤት ወጥታ እስካሁን አልተመለሰችም። ሰብሳቢው ለእንግዳው «ውጤቱ ሰማንያ በመቶ» ተብሎ እንዲነገር መመሪያ ሰጡ።

አቡ ሐቲም በፋጉሎ የሚሄድ ፒክአፕ እንዲሠራ፣ ሙከራውም በእርሳቸው ፒክአፕ እንዲጀመር ጠየቁ። ኡስታዝ ይህ ፒክአፕ በቤንዚንም እንደማይሄድ አስታወሱ። አቡ ሐቲም «ለዚህ ነው ሌላ እንሞክር የምለው» ብለው መለሱ።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ከጅፍቱ የኤሌክትሪክ ኃይል መንጭቶ የመንደሩን ሠርግ ቤቶች እንዲያበራ፣ የተረፈው ለአማን እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረቡ። አማን መብራት እንዳላት ጸሐፊው በቀስታ ጠቆመ። ሰብሳቢው የጸሐፊው ሥራ መጻፍ እንደሆነ ጠቆሙ።

ምድጃው ለሦስተኛ ጊዜ ተጨመረበት። የተቆላ እህል ሽታ ስለመጣ አቡ ሐቲም ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ፤ አልደረሰም። ሙቀቱ ግን እጅግ ግሩም ሆነ። አባላቱ ካፖርታቸውን፣ ቀጥሎ ሹራባቸውን አወለቁ። ሰብሳቢው የሚከተለው እንዲጻፍ አዘዙ፦ «ይህ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሞቆ አያውቅም።» ኡም ሻሂር ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው «ወላሂ ኡም ሻሂር፣ አጀንዳ አምስት ሲደርስ ግጥም ቢሆን እንሰማሻለን!» አሉ።

ሳሙና፣ መኖ፣ ፒክአፕና ኤሌክትሪክ በአንድነት እንዲመረቱ ተወሰነ።

አጀንዳ አራት፦ የእንግዳ አቀባበል

ከመስኮት የእንግዳው መኪና ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ማን ቀድሞ እንደሚጨብጣቸው ክርክር ተነስቶ ሳይፈታ ቀረ። ሰብሳቢው እንግዳ ቀዝቃዛ ቤት ገባ እንዳይባል ምድጃው ለአራተኛ ጊዜ «ምንም ሳይቆጠብ» እንዲሞላ አዘዙ። ተሞላ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ለኡም ሻሂር መድረኩ ተሰጠ። ቃል በቃል እንዲህ አሉ፦

«ሐጂ፣ ልናገር የነበረው ነገር አርጅቷል። በቀኜ ያለው የኡስታዝ ናሙና ነው ልል ነበር። ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ፤ አራት ጊዜ ጨምሪ አላችሁኝ። አሁን የቀረው ባዶ ካርቶን ነው። እሱንም ልጨምረው?»

ኡስታዝ ራጊብ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አሉ። መነጽራቸው ወዲያው በእንፋሎት ተጋረደ፤ አወለቁት።

«አሥራ ሰባቱም?» አሉ።

«አሥራ ሰባቱም ኡስታዝ። አፉ በሉኝ።»

«ሳሙናውስ?»

«እሱ ነዋ ያኔ የሸተተን» አሉ አቡ ሐቲም። «እኔማ ሽቶ ነው ብዬ ቀናሁብህ።»

ኡስታዝ ባዶውን ካርቶን አንስተው ውስጡን በእጃቸው ዳሰሱ። ሦስት ሳምንት የደከሙበት ነገር ነው። በዚሁ ቅጽበት በሩ ተንኳኳና ኢንጂነር ቡርሃን ገቡ።

ኢንጂነሩ ሰላምታ ሰጥተው፣ ከውጭው ብርድ የተነሳ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደው እጃቸውን ዘረጉ። ካፖርታቸውን አወለቁ። በዚህ ሁሉ መንገድ እንዲህ የሞቀ ቤት አላገኘሁም አሉ። ከዚያ ናሙናውን ጠየቁ።

ሰብሳቢው ወደ ምድጃው አይተው «እየሞቁት ነው» ሲሉ መለሱ።

ነገሩ ተብራራላቸው። ኢንጂነሩ አልተቆጡም። ስንት ጡብ ለስንት ሰዓት እንደነደደ ኡም ሻሂርን ጠይቀው ጻፉ፤ ለኡስታዝም «እጅዎ ይባረክ፣ እንዲህ የሚነድ አላየሁም» አሉ። ኡስታዝ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀጥለው ኢንጂነሩ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ከጓሮው ክምር በዓመት ምን ያህሉ ሳይፈለግ ይቀራል?

አቡ ሐቲም ደረታቸውን ነፍተው «ከኔ መጭመቂያ ምንም አይቀርም! ሰው በዘንቢል በዘንቢል እያለ እስከ ማርች ድረስ መሬቱን ጠርጎ ነው የሚወስደው። ምንጣፍ ብታነጥፍበት ትሰግድበታለህ!» አሉ። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ሥር በእግራቸው መቷቸው። አቡ ሐቲም «ለምን ትመታኛለህ ሐጂ?» ብለው በይፋ ጠየቁ።

ኢንጂነሩ ደብተራቸውን ዘጉ። ማሽኑ የሚሰጠው ፋጉሎው ሸለቆ ውስጥ እየተደፋ ወንዝ ለሚያበላሽበት መንደር እንደሆነ አስረዱ። «እናንተ ግን የሚደፋ የላችሁም። እኛ በማሽን ልናደርገው የመጣነውን እናንተ በዘንቢል ጨርሳችሁታል» አሉ።

ኡም ሻሂር በአጀንዳ ሁለት ይህንኑ ተናግሬ ነበር አሉ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ መናገራቸውን አረጋገጠ፤ ማንም ማረጋገጫ አልጠየቀውም ነበር። ከዕረፍቱ የተረፈው ዳቦ ለኢንጂነሩ ቀረበ። በምን እንደተጋገረ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ሦስት በሉ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በአጀንዳ አንድ የተሰጠው ስም፣ በአጀንዳ ሁለት የታገደው ዘንቢል፣ በአጀንዳ ሦስት ሊመረት የታሰበው ሳሙና፣ መኖ፣ ፒክአፕና ኤሌክትሪክ፣ በአጀንዳ አራትም ያልተፈታው የመጨባበጥ ተራ፣ ሁሉም እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ኮሚቴውም የሚለውጠው ፋጉሎ ስለሌለው ፈርሷል።

ኡስታዝ ራጊብ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ከመሻር እንድትተርፍላቸው ለመኑ፦ «ይህ አዳራሽ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሞቆ አያውቅም» የምትለዋ። በአምስት ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊውም ተቆጥሯል።

ሰብሳቢው ከኡም ሻሂር ጋር ወደ ጓሮ ወርደው ዘንቢሏን በገዛ እጃቸው ሞሉላት፤ ጫፉ ድረስ ሞልቶ ሲፈስ «ይበቃል ሐጂ፣ ወገቤ የራሴ ነው» ብላ አስቆመቻቸው። ጸሐፊው ይህን ከመስኮት አይቶ ደስ ስላለው ስለ ኡም ሻሂር በአክብሮት «ተናገሩ፣ ጠየቁ» ማለቱን ረስቷል፤ አያርመውም።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡10 ላይ ተዘግቷል። ካርቶኑም ተጨምሯል።