ሰው የሌለበት ዳርቻ

ሰው ያልረገጠው ደሴት ካላየሁ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ወንድ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን አግብቼዋለሁ። የቡሬ ሰው ገበያ ሲወጣ እሱ ካርታ ዘርግቶ ጣና ላይ ያፈጥጣል። በተጋባን በሁለተኛው ወር በጭነት መኪና ባሕር ዳር ወሰደኝ። ከዚያ በታንኳ ግማሽ ቀን ተጉዘን፣ ቀዛፊው እንኳ ስሟን ሁለት ጊዜ ከተሳሳተባት ደሴት ደረስን።

ዳርቻው ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀበሉን።

«አንተ እለፍ፣ ልጄ። እሷ ግን ከዚህች ድንጋይ አታልፍም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው።»

ባሌ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የዓለምን ወንዝ ሁሉ ያውቃል፤ ሴት ይገባል ወይ ብሎ ግን አስቀድሞ አልጠየቀም።

«እዚሁ ጠብቂኝ፤ አሁን መጣሁ» አለኝ።

አሁን ያለው እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። ቀዛፊው ታንኳው ውስጥ ተኛ። እኔም ለሁለታችን የቆላሁትን ቆሎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ጨረስኩት።

ቡሬ ስንመለስ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ።

«እንዴት ነበር፣ መምህር?»

«ምን ልበላችሁ» አለ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። «ዳርቻው ጭር ያለ ነው። አንድ ሰው እንኳ አይታይበትም።»

ጠላ እየቀዳሁ ነበር። የሁሉንም ዋንጫ ሞልቼ የሱን አለፍኩት።

«የኔስ?» አለኝ።

«አልታየኸኝም» አልኩት።