ባንኮክን ለማየት ብቻ

ጤነኛ መሆንን ለሰው ማስረዳት ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፣ አማቴ ባንኮክ ሊሄዱ እስኪነሱ ድረስ።

አማቴ እማማ አስካለ ቡታጅራ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው በቅርቡ ነው ሥራውን የተዉት። እኔ ደግሞ ከጎጃም መጥቼ፣ የእሳቸውን ልጅ ምሕረትን አግብቼ፣ ወልቂጤ ጂኦግራፊ እያስተማርኩ የቀረሁ ሰው ነኝ። ታናሽ ልጃቸው ሳራ ባንኮክ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችና፣ “እማዬ፣ ነይና ከተማውን ላሳይሽ” አለቻቸው።

እማማ መጀመሪያ የጠየቁት ማን እንደሞተ ነው። ማንም አልሞተም። ልታገቢ ነው ወይ አሏት። አይደለም።

“ታዲያ ለምን እመጣለሁ?”

“ለማየት ብቻ።”

እንግዲህ እማማ ለለቅሶ ሄደው ያውቃሉ። ለሠርግ፣ ለገበያ፣ ለመስቀልም አገር ቤት ይገባሉ። ለማየት ብቻ ግን ወጥተው አያውቁም። ቢሆንም ልጃቸውን ካዩ ዓመታት አልፈዋልና እሺ አሉ። ፕሮግራም የማውጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሁ? መርካቶ ገብቼ የምጠፋ መሆኔን ማን አየብኝ?

ቀን ከቀን ደልድዬ ቡታጅራ ወረድኩ። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን ያያሉ፣ በማግስቱ በወንዙ ላይ በጀልባ ይንሸራሸራሉ፣ ከዚያ ውኃ ላይ የሚቆመውን ገበያ ይጎበኛሉ አልኳቸው። ገበያው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

“ዕቃው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ኪሳራው የማን ነው? የሻጩ ነው የገዢው?”

አላውቅም አልኳቸው።

“ይህን ሳታጣራ ነው የምትልከኝ?”

እዚህ ድረስ ደህና ነበርን። ነገሩ የተበላሸው ወሬው ከግቢ ሲወጣ ነው። በእኛ አገር ባንኮክ ሲባል ማን ቤተ መንግሥት ይታየዋል? የሚታየው ሆስፒታል ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ብርቱካን ይዘው መጡ። “አላህ አፊያ ያድርግሽ” አሉ። እማማ ደህና እንደሆኑና ለሽርሽር እንደሚሄዱ ነገሯቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ከእኔም ትደብቂያለሽ?”

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር አይደል የሚባለው? ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ በሙዝ ተሞላ። ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን መጣ። መሪው በትሕትና የቱ ጋ እንደሚያማቸው ጠየቀ። “የትም ጋ” አሉ እማማ። አንገቱን ደፍቶ፣ “ተሰራጭቷል ማለት ነው” ብሎ አጠገቡ ላለው ሰው አንሾካሾከ። ወንድማቸው ጋሽ በርጋም ከአገና ድረስ መጡ። እማማ በር ድረስ ወጥተው ሲቀበሏቸው ጭራሽ ባሰባቸው። “እንዳናዝን ብላ እኮ ነው የቆመችው” እያሉ አለቀሱ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ጠረጠሩ። ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቤተ መንግሥት ያልከኝ የሆስፒታሉ ስም ነው?”

“ኧረ አይደለም፣ እማማ።”

“ጀልባውስ?”

“ጀልባው ጀልባ ነው።”

“ልጅ መርፌ ሊወጋ ሲወሰድ ከረሜላ ልንገዛልህ ነው ይባላል። የእናንተም ነገር እንደዚያ መሰለኝ። እኔ የትም አልሄድም።”

ሳራ በስልክ አለቀሰች። ፈቃድ ወስዳ፣ አልጋ አንጥፋ ነበር የምትጠብቃቸው። ምሕረት ግን መላ አላጣችም፤ ጠዋት ቡታጅራ ወርዳ እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች መርምሮ፣ “እናቴ፣ ከእኔ ይሻላሉ” አላቸው። እማማ ልባቸው ተመለሰ። ጎረቤት ግን ሐኪሙ ምንም አላገኘም ሲባል ይበልጥ አዘነ። እዚህ በሽታው ስላልተገኘላት አይደል ባንኮክ የሚልኳት?

ሄዱ። ሁሉንም አዩ። ፊታቸው ወዝቶ፣ ትንሽ ወፍረው፣ ከሳራ ጋር የተነሱትን ፎቶ በስልክ ይዘው ተመለሱ። ሰፈሩ ድና መጣች ብሎ ፈነደቀ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንዲሰጡ ተጠሩ። እማማ እውነቱን አንዴ ተናግሬ ልገላገል ብለው ቆሙ።

“እኔ ከመጀመሪያውም አልታመምኩም” አሉ።

ጉባኤው በእልልታ ተናጋ። እምነት ማለት ይህ ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲያ መከራከሩን ተዉት። በጠየቋቸው ቁጥር ተመስገን ብለው ያልፋሉ። እኔም ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኝ ጀምሯል።”

ደነገጥኩ። ነገ መጥቼ ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎት አልኳቸው።

“የቡታጅራው ሐኪም አያውቀውም” አሉኝ ረጋ ብለው። “የሚያውቁት ሳራ ያለችበት ያሉት ሐኪሞች ናቸው። ፕሮግራሙን ቶሎ አውጣ። ባሕር ዳርቻም አለ ብላኛለች፤ እሱንም አስገባልኝ።”